ከሪራ እስከ ጎባ፦ ዝምታና 72 ሰዓት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ተረቱን ሁላችንም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ፈተና ላይ ትርጉሙን ተጠይቀንም መልሰናል። ነገሩ ራሳችን ላይ ሲመጣ ግን፣ በተለይ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ተረቱን እንረሳና መደበቁን እንመርጣለን።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፌ ላነሣ የፈለግሁት ጥያቄ አጭር ነው። አንዲት ልጅ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርጋ፣ ወይም ኮንዶም ተቀድዶባት፣ ወይም ተገድዳ ተደፍራ «አርግዤ ይሆን? በሽታ ይዞኝ ይሆን?» ብላ ስትጨነቅ የት ትሂድ? ለማን ትንገር? ስንት ጊዜስ አላት? ስለ መታቀብና ስለ መጠንቀቅ በየክበቡና በየግድግዳው ብዙ ተብሏል። ከሆነ በኋላ ስላለው ጊዜ ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። ወጣቱም የሚጎዳው በአብዛኛው በዚያ ሰዓት ነው።

ሪራን ለማታውቁት

ጥያቄውን ከአየር ላይ እንዳላነሣው የማውቀውን መንገድ ልውሰድ። የእናቴ ወገኖች ሪራ ናቸው። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ግን ሌላ ዓለም ነው። መንገዱ ሽቅብ ወጥቶ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ 4,377 ሜትር የሚረዝመውን ቱሉ ዲምቱን በጎን ይተዋል፤ ከዚያ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ሪራ የምትገኘው እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ በቀርከሃና በጉም መካከል ነው። አካባቢው ያለበት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለጎብኚ ገነት ነው። ጭንቀት ለያዛት ልጅ ግን ረጅም መንገድ ነው።

በአገራችን የጤና አደረጃጀት በየቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ ከእሱ በላይ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በላይ ሆስፒታል። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በየቀበሌው ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። ክኒን፣ ኮንዶም፣ የሦስት ወር መርፌና በክንድ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ በእነሱ በኩል ገጠር ገብቷል። ውጤቱም ታይቷል። በሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በ1997 ዓ.ም. ከመቶ 14 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 35 ደርሰዋል።

ይህ ቁጥር ግን ስለ ባለ ትዳሮች የሚናገር ነው። ያላገባችው ተማሪ እዚህ ውስጥ የለችም። በትንሽ ቀበሌ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎረቤት ናት፤ እናትሽን ታውቃለች፤ ቡና አብራ ትጠጣለች። ስለዚህ ልጅቷ የሚቀርበውን ጤና ኬላ ትታ ሳነቴን ማቋረጥ ታስባለች። መኪና ትጠብቃለች፤ ገንዘብ ትፈልጋለች፤ ለቤተሰብ የምትነግረው ምክንያት ታዘጋጃለች። ይኼ ሁሉ ሲሆን ሰዓቱ ይሄዳል።

ሰዓቱ እንዴት ይቆጠራል?

ሁለት ቁጥሮችን በቃላችሁ ያዙ፦ 72 ሰዓትና 120 ሰዓት። 72 ሰዓት ማለት ሦስት ቀን ነው፤ ከኤች አይ ቪ ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት መጀመር ያለበት በዚያ ውስጥ ነው። 120 ሰዓት ማለት አምስት ቀን ነው፤ ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ የሚሠራው እስከዚያ ድረስ ነው። ሁለቱም ግን በቶሎ በተጀመሩ ቁጥር የተሻለ ይሠራሉ። 71ኛው ሰዓት ላይ መድረስ ከመቅረት ይሻላል፤ 5ኛው ሰዓት ላይ መድረስ ግን እጅግ ይበልጣል።

በምሳሌ እንቁጠረው። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ማታ በ2 ሰዓት ነው እንበል። እሑድ ማታ በ2 ሰዓት 24 ሰዓት ሞላ፤ ሰኞ ማታ 48፤ ማክሰኞ ማታ በ2 ሰዓት 72 ሞላ። አምስቱ ቀን የሚያልቀው ሐሙስ ማታ በ2 ሰዓት ነው። እንግዲህ አንዲት የሪራ ልጅ እሑድን በለቅሶ አሳልፋ ሰኞ ንጋት በ12 ሰዓት መኪና ብትይዝ፣ ከመነሣቷ በፊት 34 ሰዓት ሄዷል፤ የቀራት 38 ነው። አሁንም ትደርሳለች! «እስኪ ሳምንቱን ልየው» ካለች ግን አትደርስም።

ቅዳሜና እሑድ የጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ሊዘጋ ይችላል። የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግን ሌሊትም በዓልም አይዘጋም። ለዚህ ጉዳይ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ማጋነን አይደለም፤ ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር ሁሉ ድንገተኛ ነው።

ፋርማሲ የሚገኘው ክኒን

ድንገተኛ የወሊድ መከላከያ ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ንጥረ ነገር አለው። መጠኑ በአጠቃላይ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በአንድ ፍሬ ወይም 0.75 ሚሊ ግራም በሆኑ ሁለት ፍሬዎች ይመጣል። በከተሞቻችን ብዙ ሰው «ፖስትፒል» በሚለው ስሙ ነው የሚያውቀው። ሥራው እንቁላሏ ከማኅፀን ጎን ካለው ማምረቻዋ እንዳትወጣ ማዘግየት ነው። ስለዚህ እርግዝና ከጀመረ በኋላ አያስወርድም፤ የተፀነሰውንም አይጎዳም። «ውርጃ ነው» ብለው የሚያስፈራሩም፣ «አስወርድበታለሁ» ብለው የሚወስዱም ሁለቱም ተሳስተዋል።

በወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስታወከች እንደገና መውሰድ አለባት። የወር አበባዋ ጥቂት ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ ግን የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል። ክኒኑ ለተደጋጋሚ አገልግሎት የታሰበ አይደለም፤ ለዚያ ሌሎች የተሻሉ መከላከያዎች አሉ። ከሁሉም ይልቅ በአምስት ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ከክኒኑ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ያገለግላል። ይህን ግን የሠለጠነ ባለሙያ ያለበት ተቋም ብቻ ነው የሚሠራው።

አንድ ነገር በደንብ ይሰመርበት፦ ይህ ክኒን ከኤች አይ ቪም ሆነ ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም። ብዙዎቻችን ክኒኑን ከዋጥን በኋላ «ተገላገልኩ» ብለን እንቀመጣለን። ግማሹ ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

የ28 ቀኑ መድኃኒት

ለኤች አይ ቪ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መድኃኒት ፔፕ ይባላል። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሥር ሰዶ ለመቀመጥ ጊዜ ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተጀመረ ቫይረሱ ሳይባዛ ሊቆም ይችላል። ለዚህ ነው 72 ሰዓቱ የተቀመጠው። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ፣ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይደረጋል፤ ካለቀም በኋላ ምርመራው ይደገማል። በመሀል «ደኅና ነኝ» ብሎ ማቆም አይቻልም።

በአገራችን ይህ አገልግሎት የታወቀው በመጀመሪያ መርፌ ለሚወጋቸው የጤና ባለሙያዎችና ተገድደው ለተደፈሩ ሰዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ባወጣው መመሪያ የተጋላጭነቱ መንገድ ምንም ይሁን ምን እንዲሰጥ ይመክራል። ስለዚህ «ለእኔ አይሰጥም» ብላችሁ ራሳችሁን አትከልክሉ። ሄዳችሁ በስሙ ጠይቁ፤ የሚወስነው ባለሙያው ነው። በጤና ኬላ አይገኝም፤ የኤች አይ ቪ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከሪራ ለሚነሣ ሰው ሆስፒታሉ ጎባ ነው።

ሰዓቱ ካለፈስ? ያኔም መንገዱ አልተዘጋም። በፈጣን መመርመሪያ እርግጠኛ ለመሆን ከተጋለጡበት ቀን አንሥቶ ሦስት ወር ሊወስድ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። ውጤቱ ቫይረሱ አለ ከሆነም ዘመኑ የሰማንያዎቹ ዘመን አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲታወቁ መድኃኒት አልነበረም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ የማይታይ ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም።

ጨብጥና ቂጥኝ ቀጠሮ አያከብሩም

የአባላዘር በሽታ ስንል አብዛኞቻችን የምናስበው ፈሳሽና ሕመም ነው። ወንዱ ላይ ጨብጥ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽንት በማቃጠል ይታወቃል። ሴቷ ላይ ግን ጨብጥም ክላሚዲያም ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። ሳይታከሙ ከቆዩ ወደ ማኅፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥተው ለመካንነት ይዳርጋሉ። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል ብዙውን ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይወጣል፤ አያምም፤ በራሱም ይድናል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ ዳነ ማለት በሽታው ዳነ ማለት አይደለም፤ በደም ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል።

ደግነቱ እነዚህ በሽታዎች ይድናሉ። ቂጥኝ በመነሻው ላይ ከተደረሰበት አንድ ጊዜ በሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ይታከማል። ጤና ጣቢያዎቻችን ላቦራቶሪ ባይሟላላቸውም እንኳ በምልክቱ ላይ ተመርኩዘው ለማከም የሚያስችል መመሪያ አላቸው። ሁለት ማሳሰቢያ ብቻ። አንደኛ፣ ከሱቅ ወይም ከጓደኛ የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋጥ በሽታውን መደበቅና መድኃኒት ማለማመድ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱ ብቻ ቢታከም ትርፍ የለውም፤ የፍቅር ጓደኛውም አብሮ መታከም አለበት። አለዚያ በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ይኖራል።

«ማን ጋ ልሂድ?»

ጎባ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሦስት ሆነን አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። ከሪራና ከደሎ መና በኩል የመጡ ልጆች እንዲህ ነው የሚኖሩት፤ ከቤት የመጣ ገብስ ዱቄት፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ፍራሽ። አንድ ሌሊት ከመሀላችን አንዷ የወር አበባዋ እንደቀረባት ነገረችን። ከዚያ «ማን ጋ ልሂድ?» አለች። ዝም አልን። አንዷ ጨው የበዛበት ሻይ ጠጪ አለቻት፤ አንዷ የሆነ ሥር የምታውቅ ሴት አለች አለች። ሦስታችንም በባዮሎጂ ጥሩ ውጤት ነበረን። ስለ እንቁላልና ስለ ዘር ፍሬ ሥዕል መሳል እንችል ነበር። ጠዋት የቱን በር እንደምናንኳኳ ግን አናውቅም ነበር።

በአራተኛው ቀን መመርመሪያ ልትገዛ የሄደችበት ቦታ ሻጩ ሰው እየሰማ «ባልሽ የታለ?» ብሎ ጠየቃት። ሳትገዛ ተመለሰች። በማግስቱ ሌላ ቦታ አብረን ሄደን ገዛን፤ ውጤቱ «የለም» ሆነ። አለቀሰች፤ እኛም አለቀስን። እስካሁን የሚከነክነኝ ውጤቱ አይደለም። ጨው ያለበት ሻይ ቀርቦን፣ ጤና ጣቢያው ግን ርቆን የነበረ መሆኑ ነው።

ለዚህ ነው ዝርዝሩን እዚህ የማስቀምጠው። የሽንት እርግዝና ምርመራ የወር አበባ ከቀረበት ቀን ጀምሮ ይሠራል፤ የወር አበባዋ ለሚዛባባት ደግሞ ግንኙነት ካደረገች ከሦስት ሳምንት በኋላ አስተማማኝ ነው። የጠዋት ሽንት ይመረጣል። ቀደም ብሎ ተመርምሮ «የለም» ማለት ላያበቃ ስለሚችል በሳምንቱ መድገም ነው። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም መዞር ካለ ግን መመርመሪያ መግዛት ሳይሆን በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ ከማኅፀን ውጪ የሆነ እርግዝና ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ «አለ» ከሆነ

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰው አስተያየት አለው። ልጅቷ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልጋት አስተያየት ሳይሆን መረጃ ነው።

ልወልድ ካለች የእርግዝና ክትትሉን በቶሎ መጀመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል። በክትትሉ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ ይመረመራሉ፤ ሁለቱም ወደ ልጁ እንዳይተላለፉ ማድረግ ይቻላል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። ወልዳ ማሳደግ ለማትችል ደግሞ ጉዲፈቻ አለ፤ ቃሉም ልማዱም ከኦሮሞ ባህል የመጣ ነው፤ እኛ ባሌ ያለን ሰዎች እንግዳ አይደለንም። ወደ ውጭ አገር የሚደረገው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል፤ በአገር ውስጥ የሚደረገው ግን አለ።

ጽንስ ስለ ማቋረጥ ሕጉ ምን ይላል? ብዙ ሰው «ፈጽሞ የተከለከለ ነው» ይላል። ሌላው «አሁን ተፈቅዷል» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚፈቅደው የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ብቻ ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551 አራት ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፦ እርግዝናው በመደፈር ወይም በቅርብ ዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ እርግዝናው ቢቀጥል የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም የእናቲቱ ጤና አደጋ ላይ የሚወድቅ ሲሆን፤ ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ያለበት ሲሆን፤ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። አንቀጽ 552 ደግሞ ተደፍሬ ነው ያለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ መሆኑን ይናገራል። የፖሊስ ወይም የፍርድ ቤት ማስረጃ አትጠየቅም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ያወጣውና በ2006 ዓ.ም. ያሻሻለው መመሪያም ዕድሜዋን ለማረጋገጥ የነገረችው በቂ እንደሆነ አስቀምጧል።

እንግዲህ ሕጉ «ተማሪ ነኝ» ወይም «አልፈልግም» የሚለውን ብቻውን አልቆጠረም። ግን የየሰዉ ሁኔታ ይለያያል፤ ከአራቱ አንዱ ውስጥ መግባት አለመግባቱን የሚመለከተው ባለሙያ ነው እንጂ የአከራያችን ጎረቤት አይደለችም። ባለሙያው ፊት መቅረብ ወንጀል አይደለም።

ለምን ይህን ያህል አጠነክረዋለሁ? ጉትማከር ኢንስቲትዩት ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ባደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 በኢትዮጵያ 382 ሺህ ገደማ ጽንስ ማቋረጦች እንደነበሩና ከመቶ 27ቱ ብቻ በጤና ተቋም እንደተፈጸሙ ተገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቁጥሩ 620 ሺህ ገደማ ሲሆን በጤና ተቋም የተፈጸሙት ከመቶ 53 ደርሰዋል። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የቀረው ግማሽ ያህሉ ግን አሁንም በሥር፣ በኬሚካልና በማይታወቅ እጅ የሆነ ነው። ሕጉ መኖሩን የማታውቅ ልጅ ሕጉ የለላትም።

ይህን መንገድ ሄዳ ብዙ ደም የሚፈሳት፣ ትኩሳት ያላት፣ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያላት ልጅ ካለች አንድ ሰዓትም መጠበቅ የለባትም፤ ሆስፒታል ትሂድ። እንዴት እንደጀመረ ምንም ይሁን ምን ሕክምናው አይከለከልም።

ተገድዳ ከሆነ

ለተደፈረች ልጅ ሰዓቱ ይበልጥ ይጣደፋል። ከተቻለ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትቀይር ትሂድ፤ ከቀየረችም ልብሱን በወረቀት ጠቅልላ ትያዝ። ታጥባ ከሆነ ግን «አሁን ምን ዋጋ አለው» አትበል፤ ሕክምናው የሚሰጠው ለእሷ ጤና ነው። በአንድ ጉዞ ድንገተኛ መከላከያውን፣ ፔፕን፣ የአባላዘር በሽታ መከላከያ ሕክምናንና የምክር አገልግሎትን ትጠይቅ። አዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ሥር ያገናኘ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2012 ተከፍቷል። እንዲህ ዓይነት ማዕከል በሌለበት ከተማ ግን መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ቀጥሎ ፖሊስ ነው። እሷ ልጅ ከሆነች ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር የሚፈጸም ግንኙነት በራሱ ወንጀል መሆኑን ቤተሰብ ይወቅ፤ በሽማግሌ የሚታረቅ ጉዳይ አይደለም።

መስኮቱ ላይ ምን ልበል?

ካርድ የሚወጣበት መስኮት ላይ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፏል። ጉዳዩን እዚያ መዘርዘር አያስፈልግም። «በግል የማናግረው ባለሙያ እፈልጋለሁ፤ የሰዓት ጉዳይ ነው» ማለት ይበቃል። የወጣቶች አገልግሎት ወይም የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ካለ እዚያ ጠይቁ። በአፋን ኦሮሞ መናገር የሚቀላችሁ በአፋን ኦሮሞ ተናገሩ፤ ጭንቀት በሁለተኛ ቋንቋ አይወጣም። ክፍሉ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ግን ሦስት ነገር ሳትደብቁ ንገሩ፦ መቼ እንደሆነ፣ እንዴት እንደሆነ፣ የመጨረሻው የወር አበባ መቼ እንደነበረ። ባለሙያው ሰዓቱን የሚቆጥረው ከእነዚህ ነው።

«ያወራብኛል» የሚለው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ ትንሽ ከተማ ነው የምንኖረው። ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የአገር ልጅ ይገኛል። ሆኖም የታካሚን ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 የሚያስጠይቅ ነው። የኤች አይ ቪ ምርመራም 15 ዓመት የሞላው ሰው በራሱ ፈቃድ ብቻ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው። አንድ ባለሙያ ካመናጨቀሽ ሌላ ባለሙያ ጠይቂ፤ ሌላ ተቋም ሂጂ። እሱ በሩን አበላሸው እንጂ ቤቱ አልፈረሰም።

ለጓደኛና ለወንድም

ወንድሞቼ ሆይ፣ እናንተም የጉዳዩ ባለቤት ናችሁ። ልጅቷ ስትነግርህ «የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ» ከማለትህ በፊት መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠይቅ። አብረህ ሂድ፤ አብረህ ተመርመር፤ የትራንስፖርቱን ግማሽ አትርሳ። ጓደኛ የሆንን ደግሞ መድኃኒት አዋቂ መሆን አይጠበቅብንም። ሁለቱን ቁጥሮች ማወቅ፣ አብሮ መሄድ፣ ከተመለስን በኋላ አፍን መዝጋት ይበቃል።

በባሌና በአርሲ የቆየ የስንቄ ሥርዓት አለ። አንዲት ሴት ስትበደል ሴቶች ስንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ይቆማሉ፤ በደሉ ሳይካስ አይመለሱም። እንግዲህ በአገራችን ለተጎዳች ሴት አብሮ መቆም አዲስ ነገር አይደለም። ሳታገባ ያረገዘችውንና በሽታ የፈራችውን ልጅ ግን ብቻዋን እንድትቆም እንተዋታለን። አብረናት እንቁም ብል የአገሬን ባህል አፈረስክ የሚለኝ አይኖርም ብዬ አስባለሁ።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለሆንኩ የሙያችንን ድርሻ ሳልጠቅስ አላልፍም። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፉት «የቀን ቅኝት» የተባለው የአማርኛ ድራማና «ዲምቢባ» የተባለው የአፋን ኦሮሞ ድራማ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ በየቤቱ ያስወሩ ነበር። ሰው በሰማው ገጸ ባሕርይ አስመስሎ የራሱን ጥያቄ ይጠይቃል። ሬዲዮ ሳነቴን ያለ መኪና ይሻገራል። የእኛ ትውልድ ጋዜጠኛ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ሪራ ድረስ ማድረስ ካልቻለ የተማርነው ለምንድነው?

ለማጠቃለል ያህል፣ ከሆነ በኋላ ያለው ጊዜ የጸጸት ብቻ ሳይሆን የሥራ ጊዜ ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ፔፕ፤ በአምስት ቀን ውስጥ ድንገተኛ መከላከያ፤ በሦስት ሳምንት የእርግዝና ምርመራ፤ በሦስት ወር የመጨረሻው የኤች አይ ቪ ምርመራ። ይህን መስመር በደብተራችሁ ጀርባ ጻፉት። ለእናንተ ባያስፈልግ አንድ ሌሊት «ማን ጋ ልሂድ?» ለምትላችሁ ልጅ ያስፈልጋል።